ከጎፋ እስከ ጀሞ፦ ስልክ ያቀለለው ኑሮ፣ «ሲስተም የለም» የሚያቆመው ጉዳይ

በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ 16 ቀን በአዲስ አበባ ማደያዎች ነዳጅን በጥሬ ገንዘብ መሸጥ ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሹፌሩ ኪሱ ውስጥ የቱንም ያህል ብር ቢይዝ በስልኩ ካልከፈለ ነዳጅ አይቀዳለትም። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጎተራ ወደ ሳሪስ በሚዘልቀው መንገድም ሆነ በላፍቶና በለቡ በኩል፣ ወደ ማደያ የሚታጠፍ የሚኒባስ ሹፌር ተራው ሳይደርስ የስልኩን ባትሪ፣ የሂሳቡን መጠንና የኔትወርኩን ሁኔታ ማየት ልማዱ ሆነ። ሁሉም ከሠራ ክፍያው በደቂቃ ያልቃል። «ዝርዝር የለኝም» ብሎ ነገር የለም፣ የተቀደደ ብር አልቀበልም ብሎ ክርክር የለም። ኔትወርኩ ከተንገራገጨ ግን ከኋላ ያለው ሰልፍ በሙሉ አብሮት ይቆማል።

ነገሩ በማደያ አያበቃም። የመብራትና የውሃ ሂሳብ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የትራፊክ ቅጣት፣ የባንክ ገንዘብ ዝውውር፣ ሌላው ቀርቶ ለፋይዳ መታወቂያ የተመዘገበ ሰው የሚጠብቀው ቁጥር ጭምር ዛሬ የሚመጣውም የሚሄደውም በስልክ ነው። ድሮ ስልክ ሲበላሽ የሚቋረጠው ጨዋታ ነበር። ዛሬ የሚቋረጠው ጉዳይ ነው። ለዚህ ነው የጎፋ፣ የመካኒሳ፣ የሃና ማርያም ወይም የጀሞ ነዋሪ ስለ ስልኩ ሲያወራ ምስጋናውንና ምሬቱን በአንድ ትንፋሽ የሚናገረው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም ምክንያት አላቸው።

ከ36 ሺህ መስመር ወደ 83 ሚሊዮን ደንበኛ

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ሥራው የተጀመረውና ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ስልክ የመሥሪያ ቤቶችና የጥቂት ቤተሰቦች ሀብት ሆኖ ቆየ። በአንድ ሰፈር ስልክ ያስገባ ቤት ካለ ቁጥሩን የሚሰጠው ጎረቤቱ ሁሉ ነበር። «ስልክ ተደውሎላችኋል!» እያለ የሚሮጠው ልጅ፣ ደዋዩ መስመሩን ሳይዘጋ እንዲጠብቅ የሚለምነው ባለቤት፣ ነጠላዋን እያስተካከለች የምትመጣው እናት፣ በዚያ ዘመን ያደገ ሰው ሁሉ የሚያስታውሳቸው ናቸው።

የዚያ ዘመን አሻራ አሁንም በቁጥሮች ላይ ይታያል። የመደበኛ ስልክ ቁጥር የሚያነብ ሰው አካባቢውን ሊለይ ይችላል፤ 011 442 እና 011 443 የንፋስ ስልክ፣ 011 321 የመካኒሳ፣ 011 419 ደግሞ የሃና ማርያም የስልክ ጣቢያዎች መነሻ ናቸው። መሥሪያ ቤት ወይም ፋብሪካ በቀድሞ መደበኛ ቁጥሩ የሚታወቅ ከሆነ የት እንዳለ ለመገመት እነዚህ ስድስት አሃዞች ይበቃሉ።

ተንቀሳቃሽ ስልክ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ዝርጋታ ማስተናገድ የሚችለው 36 ሺህ መስመር ብቻ ነበር። ስለዚህ ሲም ካርድ ማግኘት ራሱን የቻለ ውጣ ውረድ ነበረው። መስከረም 7 ቀን 1998 ዓ.ም. የአገሪቱ የስልክ ቁጥሮች ወደ አሥር አሃዝ ሲያድጉ ቀደምት የሞባይል ቁጥሮች 0911 የሚል መነሻ ያዙ። ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ የነባር ደንበኛ ምልክት ተደርጎ ይታያል። በሳሪስና በጎፋ ያሉ ነጋዴዎች ቀፏቸውን ስንት ጊዜ ቢለውጡ 0911 ቁጥራቸውን አይለቁም፤ የዓመታት ደንበኛ የሚያገኛቸው በዚያ ነውና።

ከዚያ በኋላ ዕድገቱ ፈጣን ሆነ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2003 ዓ.ም. ኅዳር 20 ቀን በአሁኑ ስሙ ተቋቋመ። የድርጅቱ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ተጀመረ። በዚያው ወር ለፈቃድ 850 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው የሳፋሪኮም ጥምረት አሸናፊ መሆኑ ተነገረ፤ ኩባንያው ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ፣ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ አገልግሎቱን ከፈተ። ከመቶ ዓመት በላይ አንድ ድርጅት ብቻ በያዘው ገበያ ላይ በ07 የሚጀምር ቁጥር ሲጨመር፣ ባለሁለት ሲም ቀፎ የያዘ ሰው አንዱ ሲደክም በሌላው መደወል ቻለ። በ2017 በጀት ዓመት መጨረሻ ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን ከ83 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች፣ ቴሌብርም ከ54 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች እንዳሏቸው ድርጅቱ አስታውቋል።

ደስታው የት ነው?

ትልልቆቹ አኃዞች የማይናገሩት በየቀኑ ያለውን ትንንሽ እፎይታ ነው። የጀሞ ኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች አብዛኞቹ ከምድር ወለሉ በላይ አራት ፎቅ ያላቸውና ሊፍት የሌላቸው ናቸው። አራተኛ ፎቅ ላይ ለምትኖር፣ ጉልበቷን ለሚያማት እናት ስልክ ማለት የደረጃ ብዛት የሚቀንስ መሣሪያ ነው። ለባለሱቁ ትደውላለች፣ ሂሳቡን ትልካለች፣ ዕቃው በልጅ እጅ ይመጣላታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የብሎኩ የቴሌግራም ቡድን ላይ «ውሃ መጥቷል» የምትል አንዲት መስመር ስትገባ ጄሪካን ያለው ሁሉ ይነሣል። ዕድርተኛውም ለቅሶ መኖሩን ጡሩንባ ሳይጠብቅ በመልእክት ይሰማል።

ብር ሳያወጡ መግባባትም የራሱ ጥበብ አለው። አንዴ አስጠርቶ መዝጋት «ደርሻለሁ፣ ውረድ»፣ «መልሰህ ደውልልኝ» ወይም «ደህና ገብቻለሁ» ሊሆን ይችላል፤ ትርጉሙን የሚያውቁት የተስማሙት ሁለቱ ናቸው። ኢትዮ ቴሌኮም ራሱ ይህን ልማድ ወደ አገልግሎት ለውጦታል፦ በ*807* መነሻ ቁጥር አስገብቶ መልሰው እንዲደውሉ መጠየቅ ይቻላል። በ*806* ደግሞ ከራስ ሂሳብ ላይ ለሌላ ሰው ማካፈል ይቻላል። ተማሪ ልጅ ለእናቱ፣ እናትም ለተማሪ ልጇ አሥር ብር ካርድ የምታሻግረው በዚህ ነው። ቀሪ ሂሳብ በ*804# ይታያል፣ የተፋቀ ካርድ በ*805* ይሞላል። እነዚህን ቁጥሮች ማንበብ የማይችሉ አዛውንቶች ሳይቀሩ በጣታቸው አካሄድ በቃላቸው ይዘዋቸዋል።

ባሕር ማዶ ዘመድ ላለው ቤት ደግሞ ደስታው ከፍ ይላል። ልጅ ወደ ቤሩት ወይም ወደ ሪያድ ለሥራ ስትሄድ ቀድሞ የነበረው የካርድ ስልክና የሚቆራረጥ ድምፅ ነበር። ዛሬ በኢሞ፣ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ፊት ለፊት ይተያያሉ። በዓመት በዓል ቀን ቡናው ሲፈላ ስልኩ ስኒ ላይ ተደግፎ ይቆማል፤ ልጅቱ ዳቦው ሲቆረስ ታያለች፣ የጎረቤት ልጆች እየተሽቀዳደሙ ፊታቸውን ያሳይዋታል። ዳታውን የሚሞላው ብዙ ጊዜ ከወዲያ ያለው ወገን ነው።

በራስ ፊደል መጻፍም የዚህ ደስታ አካል ነው። ሠላሳ ሦስቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት 231 ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉ ጥቂት ቁልፎች ባሉት ቀፎ ላይ ማስፈር ቀላል አልነበረም። በአጋጣሚ ሞባይል አዲስ አበባ በገባበት በእ.ኤ.አ. 1999 የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ሦስተኛ እትም ውስጥ ተካተተ። ያም ማለት አንድ ሰው ላፍቶ ሆኖ የጻፈው «ሀ» ዋሽንግተን ባለ ስልክ ላይም «ሀ» ሆኖ እንዲነበብ መሠረቱ ተጣለ። ከዚያ በኋላ ባለአማርኛ ቁልፍ ቀፎዎች ገበያውን ሞሉት፤ ቴክኖ ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ ስልኮቹን እዚሁ አዲስ አበባ መገጣጠም ያዘ። ጎግል የትርጉም አገልግሎቱ ላይ አማርኛን የጨመረው በ2008 ዓ.ም. የካቲት ነው። ፊደል መምታት የሚያስቸግራቸው ደግሞ ድምፃቸውን ቀርጸው ይልካሉ፤ አያቶችም በዚህ መንገድ የልጅ ልጆቻቸውን ይመርቃሉ።

ኔትወርክ አለ፣ ግን አይሠራም

ወደ ምሬቱ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ኔትወርኩ ሙሉ ነው ይላል፤ ታዲያ ለምን አይከፍትም?»

በስልኩ ጫፍ ላይ የሚታዩት ዘንጎች የሚነግሩት ከአቅራቢያው ማማ የሚደርሰው የሬዲዮ ሞገድ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ብቻ ነው። ማማውን በዚያች ሰዓት ስንት ሰው እየተጠቀመበት እንደሆነ አይናገሩም። አንድ ማማ ያለውን አቅም በሥሩ ያሉ ስልኮች ሁሉ ይካፈሉታል። ጀሞ ውስጥ ቀን ላይ ብዙው ሰው ሥራ ላይ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ተመልሰው በአንድ ጊዜ ቪዲዮ ሲከፍቱ፣ ሲደውሉና ሲልኩ ዘንጉ ሙሉ ሆኖ ሳለ ፍጥነቱ ይወርዳል። በገናና በፋሲካ ዋዜማ፣ በእንቁጣጣሽ ጠዋት የሚሆነውም ይኸው ነው። የሚያስቸኩል ዝውውር ያለበት ሰው ከሰዓት ወይም በማለዳ ቢያደርገው የሚሳካለት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ግድግዳው ነው። የሬዲዮ ሞገድ በብረትና በኮንክሪት ውስጥ ሲያልፍ ይዳከማል፤ ለፈጣን ኢንተርኔት የሚውሉት ከፍ ያሉ ሞገዶች ደግሞ ይበልጥ ይዳከማሉ። ስለዚህ በምድር ወለል ላይ፣ በውስጠኛው ክፍል ወይም በቆርቆሮ በተዘጋ ሱቅ ውስጥ ድምፅ እየሠራ ዳታ እምቢ ሊል ይችላል። ወደ መስኮት መጠጋት ብዙ ሰው በልምድ የደረሰበት መፍትሔ ነው፤ ልምዱም ትክክል ነው።

ሦስተኛው መብራት ነው። እያንዳንዱ ማማ መብራት ሲጠፋ የሚይዘው መጠባበቂያ ባትሪ ወይም ጄኔሬተር አለው። መጠባበቂያው ግን የጊዜ ገደብ አለበት። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ በመጀመሪያ ቤቱ ይጨልማል፣ ቀጥሎ ስልኩ ባትሪ ይጨርሳል፣ በመጨረሻም ማማው ራሱ ይዘጋል። ከመሬት በታች የተቀበረ የፋይበር መስመር በመንገድና በግንባታ ቁፋሮ ሲቆረጥም ሰፈር ሙሉ ይቋረጣል። ከተማው በሚቆፈርበት ዘመን ይህ ብርቅ አይደለም።

እንዲህ ባለ ጊዜ በኮከብና በመሰላል የሚደወሉት አጫጭር ቁጥሮች ባለውለታ ናቸው። *127# ለቴሌብር፣ *999# ለጥቅል መግዣ ሲደወል ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ መልእክቱ የሚያልፈው ስልኩ ከማማው ጋር ጥሪ ለማገናኘት በሚጠቀምበት ጠባብ መስመር ነው። በዚህም ምክንያት ባለቁልፍ ቀፎ የያዘ ሰው ዘመናዊ ስልክ ከያዘው እኩል ይከፍላል። ችግሩ እያንዳንዱ ገጽ የተመደበለት ጊዜ አጭር መሆኑ ነው፤ ሲያስቡ ከቆዩ ይዘጋል። የምሥጢር ቁጥሩ ከገባ በኋላ ከተዘጋ ክፍያው ያለፈም ያላለፈም ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው በድንጋጤ ወዲያው ይደግምና ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ከመድገም በፊት ቀሪ ሂሳብን ማየት ይህን ኪሳራ ያስቀራል።

ሳይጠቀሙበት ያለቀው ዳታ

«ምንም ሳልከፍት አለቀብኝ» የሚለው ቅሬታ በየካርድ መሸጫው ይሰማል። ቅሬታው እውነት ነው፤ የሚበላው ግን ብዙ ጊዜ ስልኩ ራሱ ነው። ዘመናዊ ስልክ ኪስ ውስጥ ሆኖም መተግበሪያዎችን ያድሳል፣ ፎቶዎችን ወደ ማከማቻ ይልካል። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ከቡድን የመጣ ፎቶና ቪዲዮ ባለቤቱ ሳይነካው ሊያወርዱ ይችላሉ። ሁለት መቶ አባላት ያሉት የሰፈር ቡድን ውስጥ ያለ ሰው የሁለት መቶ ሰው ቪዲዮ በራሱ ብር እያወረደ ነው ማለት ነው። በሁለቱም መተግበሪያዎች ቅንብር ውስጥ በራሱ ማውረድን መዝጋት፣ እድሳትንም ዋይፋይ ሲገኝ ብቻ እንዲያደርግ ማዘዝ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ለውጡ በመጀመሪያው ሳምንት ይታያል።

ጥቅሉ ሲያልቅ የሚመጣው ጉዳት ደግሞ የባሰ ነው። ዳታው ክፍት ከሆነ ስልኩ ከዋናው ሂሳብ ላይ፣ ከጥቅል በጣም በሚወደድ ዋጋ መቁረጥ ይጀምራል። ማታ ሃምሳ ብር ሞልቶ የተኛ ሰው ጠዋት ባዶ ሂሳብ የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ስልኮች የዳታ ገደብ ማስቀመጫ አላቸው፤ ከገደቡ ሲያልፍ ራሱ ይዘጋዋል። ሌላው ብር ቆራጭ ሳያውቁ የተመዘገቡበት የአጭር ቁጥር አገልግሎት ነው፤ የቀን ጥቅስ፣ የጤና ምክር፣ የስፖርት ዜና እያለ በየቀኑ ጥቂት ሳንቲም ወይም ብር ይወስዳል። ወደ ላከው ቁጥር «ስቶፕ» ብሎ መመለስ ያቋርጠዋል።

ዋጋውም ወጥቶ ወርዷል። በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪን በ40 በመቶ ሲቀንስ ለብዙ ወጣቶች ኢንተርኔት በር ከፈተ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን የቀፎ ዋጋ ናረ፤ በ2017 መጀመሪያም የአገልግሎት ዋጋ ጭማሪ መጣ። ስለዚህ አሮጌውን ማስጠገን ተመራጭ ሆነ። ከሳሪስ እስከ ሐይሌ ጋርመንት ባሉ ጠባብ የጥገና ሱቆች ውስጥ የሚቀመጡ ወጣቶች የተሰበረ ስክሪን ይቀይራሉ፣ ያበጠ ባትሪ ያወጣሉ። «ቻርጅ አልይዝ አለ» ተብሎ የመጣ ስልክ አንዳንዴ ችግሩ መሰኪያው ውስጥ የታጨቀ የኪስ ብናኝ ብቻ ይሆናል፤ ጠጋኙ በቀጭን መርፌ ያጸዳውና ባለቤቱ አዲስ ስልክ የገዛ ያህል ተደስቶ ይሄዳል። ስልኩን ለጥገና ከመተው በፊት ሲም ካርዱንና ሚሞሪውን ማውጣት፣ የገንዘብ መተግበሪያዎችን መዝጋት ግን መዘንጋት የለበትም።

«የት ጋ ነዎት?»

የታክሲ መተግበሪያዎች ለከተማው ትልቅ እፎይታ ሆነዋል። ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው የራይድ 8294፣ የፈረስ 6090 ዛሬ ሕፃናት ሳይቀሩ የሚያውቋቸው ቁጥሮች ናቸው። ሌሊት በሽተኛ ይዞ ለሚወጣ ቤተሰብ፣ ሻንጣ ይዞ ከለቡ ባቡር ጣቢያ ለሚወርድ መንገደኛ ያላቸው ዋጋ ከፍ ያለ ነው።

ሆኖም ካርታው ላይ ነጥቡ በትክክል ቢቀመጥም ሹፌሩ መደወሉ አይቀርም። «የት ጋ ነዎት?» ይላል። መልሱም «ጎፋ መብራት ኃይል፣ ከገብርኤል ወረድ ብሎ፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት» ነው። አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው አቅጣጫ የሚናገረው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በማደያ፣ በአደባባይ፣ በነባር ሱቅ ነው። የኮሪደር ልማቱ የመንገድ ዳር ቤቶችን ሲያነሣ ደግሞ ምልክት ሆነው የኖሩ ሱቆች ብዙዎቹ ጠፍተዋል፤ ካርታውም የሰውም ትዝታ ለውጡ ላይ ገና አልደረሱም። ቋሚ ደንበኛ የሆነ ሰው ቤቱን መተግበሪያው ላይ አንዴ በትክክል ምልክት አድርጎ ማስቀመጡ፣ በአቅራቢያው ያለ ያልተነሣ ምልክትም በጽሑፍ መጨመሩ ብዙ ጥሪ ያስቀራል።

ሰዓትም እንዲሁ ያደናግራል። ስልኩ 9 ሰዓት ሲል ሰዉ 3 ሰዓት ይላል። በኢንተርኔት ለሥራ ቃለ መጠይቅ የተጠራ ወጣት፣ የኤምባሲ ቀጠሮ የደረሳት እናት ይህችን የስድስት ሰዓት ልዩነት ካላስተዋሉ ዕድላቸው ያመልጣቸዋል። የልደት ቀንን ለፋይዳ ወይም ለፓስፖርት በቅጽ ላይ ሲሞሉም የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነቱ ስሕተት ያመጣል፤ አንዴ በስሕተት የገባ ቀን ደግሞ ከባንኩም ከፓስፖርቱም ጋር እየተጋጨ ለዓመታት ያመላልሳል። በተቃራኒው የሠላሳ ቀኑ ወርሃዊ ጥቅል ከኢትዮጵያ ወር ጋር ልክ ይገጥማል፤ በወሩ መባቻ የገዛ ሰው እስከ ወሩ መጨረሻ ይጠቀማል፤ አቆጣጠሩን የምትሰብረው ጳጉሜን ብቻ ናት።

የማይታይ ሌባ

ስልክ ገንዘብ መያዣ ሲሆን ሌባውም ወደ ስልክ መጣ። አንዱ ዓይነት በጎዳና ላይ ነው፤ ከአላፊ አግዳሚ ስልክ የሚነጥቅ። ከተማ አስተዳደሩ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የሞተር ብስክሌቶችን እንቅስቃሴ ሲገድብ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር። ስልኩ የተነጠቀ ሰው በመጀመሪያ ሊያደርግ የሚገባው በሌላ ስልክ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሎ ሲሙን ማሳገድ፣ ቀጥሎም ለባንኩ ማሳወቅ ነው። መታወቂያ ይዞ ወደ አገልግሎት ማዕከል የሄደ ባለቤት ያንኑ ቁጥር በአዲስ ሲም መልሶ ያገኛል።

ሌላው ዓይነት በድምፅ ይመጣል። «ዕጣ ወጥቶልዎታል»፣ «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ አካውንትዎ ሊዘጋ ነው» ይላል፤ ከዚያም በመልእክት የደረሰውን አጭር ቁጥር እንዲነገረው ይጠይቃል። ያ ቁጥር የባለቤቱ ፊርማ ነው፤ የሰጠ ሰው ፈርሞ እንደሰጠ ይቆጠራል። የትኛውም ባንክ ወይም የቴሌ ሠራተኛ ይህን ቁጥር ወይም የምሥጢር ቁጥርን በስልክ አይጠይቅም።

ባለሱቆች የሚቸገሩበት ደግሞ ሐሰተኛ ደረሰኝ ነው። ገዢው «ልኬአለሁ» ብሎ ስክሪኑን ያሳያል፣ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል፣ ብሩ ግን የለም። በቄራና በሳሪስ ገበያ የሚሠሩ ነጋዴዎች ከዚህ ተምረው ዛሬ የሚያምኑት የገዛ ስልካቸው ላይ የደረሰውን መልእክትና ያደገውን ሂሳብ ብቻ ነው። ላኪውም ከመላኩ በፊት የሚታየውን የተቀባይ ስም ማንበብ አለበት። አንድ አሃዝ ተሳስቶ የሄደ ብርን ማስመለስ የተቀባዩን ፈቃድ ወይም ረጅም አቤቱታ ይፈልጋል።

በሁለተኛ በር

ይህ ሁሉ ሲደመር ወደ አንድ ጥያቄ ያመጣል። ስልኩ ወይም ሥርዓቱ እምቢ ሲል ሰው በየት ይግባ?

ጥያቄው ከባድ መሆኑን ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ አጭር የጽሑፍ መልእክት እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ድረስ ከሁለት ዓመት በላይ ተዘግቶ ነበር፤ ያኔ በመልእክት የሚከፍል ሰው ስላልነበረ ብዙው ሰው ታግሦ አለፈው። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቋረጥ ግን ባንኮችም፣ የታክሲ ሹፌሮችም፣ በውጭ ያሉ ዘመዶችም በአንድ ላይ ተቸገሩ። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት በአንድ ሌሊት ሲሳሳት ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለአግባብ ወጥቶ ባንኩ ለማስመለስ ደንበኞቹን በስም እስከ መለጠፍ ደረሰ። የዛሬው ጥገኝነት ደግሞ ከእነዚህ ዓመታትም ይበልጣል።

በየመስኮቱ የሚሰማው «ሲስተም የለም» የሚለው መልስ ሠራተኛው የፈጠረው ሰበብ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ከፉሪ በሁለት ታክሲ የመጣ፣ የቀን ሥራውን ትቶ የተሰለፈ ሰው በዚህ ቃል ብቻ ሊሸኝ አይገባም። ክፍያ በስልክ ብቻ እንዲሆን የወሰነ መሥሪያ ቤት ስልኩ በማይሠራበት ሰዓት የሚሠራበትን መንገድም አብሮ መወሰን አለበት፦ ባለጉዳዩን በመዝገብ ጽፎ ተራውን መጠበቅ፣ መዘግየቱ የሥርዓቱ ከሆነ ቅጣት አለመቁጠር፣ ሥርዓቱ መቼ እንደሚመለስ በግልጽ መለጠፍ፣ ስልክ ለሌላቸውና ማንበብ ለማይችሉ የሚያግዝ ሰው ማስቀመጥ። እነዚህ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ፣ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ዛሬውኑ ሊጀመሩ የሚችሉ ናቸው።

ደንበኛውም የድርሻውን ማድረግ ይችላል። የክፍያውን መልእክት አለማጥፋት፣ የግብይቱን ቁጥር በወረቀት መያዝ፣ ባንክ ዘንድ ያስመዘገበውን ስልክ ቁጥር ሳያሳውቅ አለመቀየር። ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀሙበት ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላልና የባንክ ሂሳብ በተረሳ ሲም ላይ ታስሮ መቅረት የለበትም። ብር ያለአግባብ የተቆረጠበት ወይም አገልግሎት የተጓደለበት ሰው መጀመሪያ ለድርጅቱ ያመልክት፤ ያመለከተበትን ቀንም ይመዝግብ። ድርጅቱ ካልፈታው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የቴሌኮም ተጠቃሚዎችን መብት የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት። ቅሬታዎን በጽሑፍ፣ ከማስረጃው ጋር ያቅርቡ።